ለኮሪደር መብራት ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ

አያስፈልግም፣ ያንኑ የመሰለ በዚያው ቦታ የሚተኩ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግዎትም፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህችን ቃል በመስኮት በኩል ለስንቱ አቀብያለሁ፣ አሁን ግን መሰላል ላይ ቆሜ፣ ካቻቢቴ በጥርሴ ነክሼ፣ አንገቴን ወደ ኮርኒሱ ሰቅዬ ሳይ አንድ ነገር ይገርመኛል፣ ያንኑ የመሰለ ማለት ምን ማለት ነው። በምኑ የመሰለ። በመልኩ፣ በክብደቱ፣ በሚበላው ኃይል፣ ወይስ በተሰቀለበት ቀዳዳ። አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም፣ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። የኖርድ ሃርበር ማዘጋጃ ቤት፣ የግንባታ ፈቃድ ክፍል፣ መስኮት አንድ፣ ሎርና ትቬት፣ እኔ ነኝ፣ ወረቀቱን የጻፍኩትም እኔው ነኝ፣ እኔ ካላወቅኩት በዚህ ከተማ ማን ሊያውቀው ነው።

ብሬከሩን አጥፍቻለሁ። አጥፍቻለሁ አይደል፣ አዎ፣ ምድር ቤት ወርጄ፣ ቁጥር ሰባት፣ ሁለቴ አየሁት፣ ቴስተሩም ጸጥ ብሏል። ሐሙስ ነው፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ከሥራ ቀርቻለሁ፣ ምክንያት ሲጠይቁኝ የግል ጉዳይ አልኩ፣ የግል ጉዳይ ብዬ አላውቅም፣ አብራኝ የምትሠራው ኬልሲ ዓይኗን አፈጠጠች። ነገ በዚህ ሰዓት ፖሌት እዚህ ኮሪደር ውስጥ ትቆማለች፣ ከማገገሚያው የምትላከው የቤት ተመልካች፣ አጭር ሴት ናት፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በካልሲዋ ነው የምትገባው። ባለፈው ሳምንት መጥታ መታጠቢያ ቤቱን አየች፣ መያዣ ብረቱን ነቀነቀችው፣ ጥሩ ነው አለች፣ የደረጃውን ድጋፍ ነቀነቀችው፣ ጥሩ ነው አለች፣ ከዚያ ይህን ማብሪያ ተጫነች፣ መብራቱ ሁለት ጊዜ ብልጭ አለና ጠፋ። ቀና ብላ አየችው። እናትሽ የወደቁት እዚህ ነው? እዚሁ ነው። መብራቱ ጠፍቶባቸው? ጠፍቶባት። እንግዲህ አርብ ጠዋት ተመልሼ አያለሁ አለች፣ ይኼ መብራት እንደዚሁ ከሆነ ግን ወደዚህ ቤት መልሼ አልፈርምም፣ እዚያው ቋሚ አልጋ ተለቋል፣ እስከ አርብ ይዘን እናቆይላቸዋለን፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው። የወለል መብራት ባቆምስ አልኳት። ገመዱ ያደናቅፋቸዋል። የሚሰካበትም ቦታ የለም ኮሪደሩ ውስጥ፣ ልክ ናት ሴትዮዋ፣ በጣም ልክ ናት፣ ሰው እንደዚህ ልክ ሲሆንብኝ አልወድም፣ የሥራ ጠባዬ ስለሆነ ይሆናል።

እና ነገሩ ይኸው ነው። እናቴ አርሊን ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፣ ዳሌዋ ከተሰበረ ስድስት ሳምንት ሆኖታል፣ ወይ ነገ ወደ ቤቷ ትመለሳለች ወይ ደግሞ እዚያው ትቀራለች፣ ይህን የሚወስነው አንድ የኮሪደር መብራት ነው።

ብሎኑ ዝጓል። ይዞር ይሆን። ዞረ። የመስታወት ሽፋኑ ውስጥ የደረቁ ዝንቦች፣ ይኼኛው ተርብ ነው፣ እንዴት ገባ፣ እና አምፖሉ፣ ያው ሃያ አምስት ዋት። ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ኮሪደር ውስጥ ግድግዳ እየዳበስኩ ነው ያለፍኩት፣ ስልሳ እናስገባ ስላት አይሆንም፣ አርባስ፣ አይሆንም አልኩሽ፣ አዲሶቹ እኮ ዘጠኝ ዋት ብቻ ነው የሚበሉት፣ ብርሃናቸው ግን የስልሳ ነው ብዬ ገዝቼ ስመጣ እንኳ ካርቶኑን ገልብጣ በመነጽር አንብባ መልሺው አለችኝ። ቆጣቢ ናት እንል ነበር፣ የኖርዌይ ደም ነው እያልን አባባና እኔ እንስቅባት ነበር። ግን ጋራዡ ላይ መቶ ዋት ነው ያለው፣ ወጥ ቤት ሁለት ስልሳ፣ ቆጣቢ ሰው አንድ ኮሪደር ብቻ ይቆጥባል ወይ፣ ይህስ ያኔ ለምን አልገረመኝም። ባለፈው ወር እናቴ በሌለችበት ዘጠኝ ዋቷን አስገባኋት፣ እሷም አልበራችም፣ አሮጌዋን መለስኳት፣ ለካ የአምፖል መያዣው ተሰንጥቋል፣ ሰው ደረጃውን ሲወጣ ይነቀነቅና ይጠፋል። ስለዚህ ነው መብራቱ በሙሉ የሚቀየረው።

አዲሱ ካርቶን ውስጥ ነው፣ ክብ፣ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የሚያምር ነገር የለውም ግን ያበራል። ወረቀቱ ላይ ማስጠንቀቂያ አለ፣ በትንሹ ዘጠና ዲግሪ ሙቀት ከሚችል ሽቦ ጋር ብቻ ይያያዝ፣ ከ1985 በፊት የተሠራ ቤት በባለሙያ ይታይ። ይህን የሚያነብ ሰው አለ? አለ፣ አንዲት ሴት አለች፣ መሰላል ላይ ቆማለች። ቤቱ የተሠራው በ1948 ነው። በ1985 ምን ሆነ፣ የማን ቤት ተቃጠለ፣ ማን ነው ከአመዱ ውስጥ ሽቦ ለቅሞ ስንት ዲግሪ ላይ እንደቀለጠ የለካው፣ ልጆች ነበሩበት ይሆን። በየቁጥሩ ጀርባ አንድ ሰው አለ ይላል ዱዌን፣ የኤሌክትሪክ ተቆጣጣሪያችን ነው፣ ሠላሳ ዓመት ሰው ኮርኒስ ውስጥ ጭንቅላቱን ሲያስገባ የኖረ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፣ በጣም መጥፎ ነገር ሲያይ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ለየት ያለ ነው፣ ይላል፣ ይህን የሰማ ባለቤት በዚያው ሳምንት ሦስት ኪሎ ይቀንሳል።

ቀስ። ሽፋኑን ስቤ ሳወርደው ልስን ፊቴ ላይ ይዘንባል፣ ዓይኔ፣ ቆይ፣ እሺ። ከዚህ በላይ የብረት ሳጥን መኖር ነበረበት፣ ሽቦዎቹ የሚገናኙበት፣ እሳት ቢነሳ እንኳ ውስጡ የሚቀርበት። የለም። ቡጢ የሚያህል ቀዳዳ ብቻ፣ ከቀዳዳው ሁለት ሽቦ፣ ጨርቅ የለበሱ፣ ጫፋቸው በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሎ፣ ናስትሮውን ስነካው እጄ ላይ ይፈረካከሳል። መብራቱን ይዞት የኖረው ሁለት ረጃጅም የእንጨት ብሎን ነው። እና ከቀዳዳው ዳር ያለችው እንጨት ጠቁራለች። በጥፍሬ እፍቃታለሁ፣ ቆሻሻ አይደለም፣ ለብልቧታል።

ለየት ያለ ነው፣ ሎርና።

አባባ ነው የሠራው። ቤቱን በሙሉ እሱ ነው ያደሰው ሲባል ነው የሰማሁት፣ ኦርቪል ትቬት፣ ሐይቁ ላይ በማዕድን ጫኝ መርከብ አርባ ዓመት፣ በረዶው ሲቀልጥ ሄዶ በረዶው ሲይዝ የሚመለስ፣ ክረምቱን ቤት ውስጥ መዶሻ ይዞ የሚዞር፣ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። እኔ በመስኮት ሰው ስመልስ እሱ ደግሞ ይህን እዚህ ሰቅሎ ነበር። ቆይ ግን። የቀዳዳው ዳር ላይ ልስኑ በጣት ነው የተሞላው፣ የጣቶቹ ፈለግ ደርቆ ቀርቷል፣ አራት ጣት፣ ጠባብ ጠባብ። የአባባ ጣት እንደዚህ ነበር? የእሱ ጣት እኮ ሽቦ ገመድ ሲስብ የኖረ ነው፣ የጋብቻ ቀለበቱ ሊወልቅ ስላልቻለ አብሮት ነው የተቀበረው። የእኔን ጣት አስገባዋለሁ። ልኩ ነው። እንግዳ ነገር ነው፣ እርጥብ ልስን ሲደርቅ ይጠባል ይሆናል፣ ይጠባል ወይ፣ ዱዌንን እጠይቀዋለሁ፣ ዱዌንን ደግሞ ምን ብዬ ነው የምጠይቀው።

ስለዚህ ያንኑ የመሰለ አይደለም። ሳጥን ያልነበረበት ቦታ ሳጥን ከገባ አዲስ ሥራ ነው፣ አዲስ ሥራ ከሆነ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ይህን ብዬ ፓስተራችንን ሳይቀር መልሻለሁ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት መብራት ሊሰቅል መጥቶ፣ እኅት ሎርና የጌታ ቤት እኮ ነው ሲለኝ፣ ጌታም ቅጽ ይሞላል አልኩት፣ ከተማው በሙሉ ሳቀ፣ እኔ ቀልዴን አልነበረም። ወይ ደግሞ መልሼ ልዝጋው። አዲሱን በእነዚያው ሁለት ብሎኖች ልሰረው፣ ይበራል፣ ፖሌት ትጫነዋለች፣ ይበራል፣ ትፈርማለች፣ ማን ኮርኒስ ፈልፍሎ ያያል፣ ግማሹ ከተማ እንደዚህ ነው የሚኖረው። እና እናቴ ከዚያች ከጠቆረች እንጨት ሥር በዱላዋ እየተመረኮዘች ትመላለስ? አልችልም። ደንቡን ስለምፈራ አይደለም፣ እንጨቷን ስላየኋት ነው። ያየ ሰው ካላየ ሰው ጋር አንድ አይደለም።

ከመሰላሉ ወርጄ ደረጃው ላይ ተቀምጫለሁ። ኤሌክትሪሺያን፣ ሦስት አሉ፣ ለሦስቱም ደወልኩ፣ የቅርቡ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው አለ፣ አንቺ ስለሆንሽ ነው ጨምሮ፣ ለሌላ ሰው አምስት ነበር። እሺ። አሁን ደግሞ ምን እያደረግኩ ነው፣ የራሴን መስኮት እየደወልኩ ነው፣ ጣቴ ራሱ ነው የደወለው። ኬልሲ ታነሳዋለች፣ ከመጣች ስምንት ወሯ ነው፣ ያሠለጠንኳት እኔ ነኝ። ድምፄን አወፍራለሁ። ጤና ይስጥልኝ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ፣ ለራሴ አይደለም፣ ለአንዲት ወዳጄ ነው። ወይ ጉድ። በሃያ ሁለት ዓመት ለራሱ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም፣ ሁሌ ጎረቤቱ ነው፣ ሁሌ አማቹ ነው፣ አንዱማ ለሞተ ወንድሙ ጠይቆኛል፣ ለምን እንደዚህ ይዋሻሉ እያልኩ ስገረም ነው የኖርኩት፣ ለካ ውሸት አይደለም፣ ሰው መስኮት ፊት ሲቆም ሌላ ሰው ይሆናል፣ ያ ሌላ ሰው ነው የሚናገረው።

እሺ፣ ለወዳጅዎ፣ ትላለች ኬልሲ፣ ወረቀት ስትስብ ይሰማኛል፣ የእኔን ወረቀት፣ ያንኑ የመሰለ በዚያው ቦታ ነው? ነበር፣ ግን ስትፈታው ሳጥን የለውም። ሳጥን ከሌለው ፈቃድ ያስፈልጋታል። በስንት ቀን ይሰጣል? ቅጹን ሞልታ ከመጣች ዛሬውኑ፣ ተቆጣጣሪያችን ደግሞ ነገ ጠዋት ክፍት ሰዓት አለው፣ ኤሌክትሪሺያን ይዛለች? ሦስት ሳምንት ጠብቂ አሏት። የቤት ባለቤት ራሱም መሥራት ይፈቀድለታል፣ ወዳጅዎ የቤቱ ባለቤት ናት? አይደለችም፣ የቤቱ ባለቤት እናቷ ናቸው። እናትየዋ እዚያ አሉ? የሉም፣ ማገገሚያ ናቸው። እ፣ ትላለች፣ ወረቀት ትገለብጣለች፣ የቤተሰብ አባልም መሥራት ይችላል፣ ግን ባለቤቱ ባሉበት፣ በዓይናቸው እያዩ፣ እንደዚያ ነው የሚለው፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ። አውቃለሁ። ያውቃሉ? ማለቴ፣ ገብቶኛል። ወረቀቱን ስትከድን ይሰማኛል። ወዳጅዎ ነገ ሥራ ትገባለች ወይ፣ ስቴፕለሩ ጠፍቶን ነው። ሁለተኛው መሳቢያ፣ ከኋላ በኩል። አመሰግናለሁ፣ ለወዳጅዎ ሰላም ይበሉልኝ።

ብልጥ ልጅ ናት፣ በደንብ ነው ያሠለጠንኳት።

መብራቱ እንዲሠራ እናቴ እዚህ ቤት ውስጥ መሆን አለባት፣ እናቴ እዚህ ቤት እንድትገባ መብራቱ መሠራት አለበት። ይህን ማን ጻፈው። በዓይናቸው እያዩ የሚለውን ያስገባነው እኛው ነን፣ ዱዌንና እኔ፣ አንዱ ሰውዬ አሪዞና ፀሐይ እየሞቀ ለእኅቱ ልጅ ከፈረመ በኋላ፣ ልጁ ጋራዡን አቃጠለ፣ እንጂ ክፋት አልነበረም፣ ማንም እንደዚህ ዓይነት ክብ ውስጥ ይገባል ብለን አላሰብንም፣ ደንብ የሚጻፈው ካለፈው ሰው አንጻር ነው፣ የሚመጣው ሰው ፊቱ አይታይም። ዱዌንን ልለምነው? አንድ ጊዜ ጭንቅላትህን አዙርልኝ ልበለው? ያዞርልኛል እኮ፣ ክፋቱ ይኸ ነው፣ ያዞርልኛል፣ ከዚያ ሁለታችንም ቡና ስንቀዳ ዓይን ለዓይን አንተያይም። ፓስተሩስ፣ የእናቴ ወንድም ልጅስ፣ በረንዳው ላይ መብራት ሊሰቅል መጥቶ የመለስኩት፣ እስካሁን ገና ሲመጣ ኩኪ የማይልክልኝ።

እውነት እንነጋገር ሎርና። ማንም የለም እዚህ። ኬልሲ ሁለተኛውን ገጽ ስታነብልሽ እዚህ ደረትሽ ላይ የሆነ ነገር አልላላም? ላላ። ለአንዲት ሰከንድ። ለምን ላላ፣ ይህን ማወቅ እፈልጋለሁ። ስድስት ሳምንት ብቻዬን ነው የኖርኩት፣ ከተፋታሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ራቴን ወጥ ቤት ቆሜ ከድስቱ በላሁ፣ ሬዲዮ አልከፈትኩም፣ ጆሮዬን ደረጃው ላይ ሳልተው ተኛሁ፣ ማንም ሎርና፣ ሎርና፣ ውሃ፣ ሎርና፣ በሩ ተቆልፏል ወይ ሳይለኝ ነጋ፣ ጠዋት መስታወት ሳይ ፊቴ ያረፈ ሰው ፊት ነበር። እናቴን እወዳታለሁ። ያንንም እወደዋለሁ። እና ዛሬ ጠዋት ሙሉ ስፈልግ የነበረው ደንቡን ነው ወይስ በእኔ ፈንታ እምቢ የሚልልኝን? እኔ አይደለሁም እማዬ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ነው፣ ልላት ነበር? የራሴን ወረቀት ልጠቅስባት? አፈርኩ። ግን ከማፈሬም በላይ ይገርመኛል፣ ሃምሳ ሦስት ዓመት አብሬያት የኖርኳት ሎርና ይህን ሁሉ ስታስብ ከየት ሆና እንደነበረ።

እደውልላታለሁ፣ ሁለቴ ሳይጠራ ታነሳዋለች፣ ከጀርባዋ ቴሌቪዥን፣ ሰው አንድ ነገር ገምቶ ይጨበጨብለታል። ምነው በሥራ ሰዓት? ቤት ነኝ እማዬ፣ የኮሪደሩን መብራት ልቀይር ብዬ። ፈታሽው? ፈታሁት። ምን አየሽ? እንዴት ነው ጥያቄው፣ ሰው ምን አየሽ ብሎ ይጠይቃል ወይ። ሳጥን የለውም እማዬ፣ ሽቦው እንዲሁ ነው የተንጠለጠለው፣ እንጨቷም ጠቁራለች፣ አባባ ሲሠራው እኮ አስቦበት አይደለም። አባትሽ? ትላለች፣ ከዚያ ትስቃለች፣ እስክታስል ትስቃለች፣ አባትሽ እኮ አምፖል ሲቀይር እንኳ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፣ ማዕበል የማይፈራ ሰውዬ ሽቦ ይፈራ ነበር፣ እኔ ነኝ የሠራሁት።

አንቺ? እኔ ነኛ፣ ምነው፣ እጅ የለኝም?

የዛሬ ሃምሳ ሦስት ዓመት ቅጠል ሲረግፍ፣ እኔ ሆዷ ውስጥ ሰባት ወሬ፣ አባባ ሐይቁ ላይ፣ ኮሪደሩ ላይ መብራት የሚባል ነገር አልነበረም፣ ባትሪ ይዤ ነበር የምወርደው ትላለች፣ ሕፃን ታቅፌ ባትሪውን በየትኛው እጄ ልይዘው ነው ብዬ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። የት ሄድሽ? ማዘጋጃ ቤት ነዋ፣ እዚያ አንቺ የምትቀመጪበት መስኮት፣ ያኔ ራሰ በራ ሰውዬ ነበር፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ኮሪደሬ ላይ መብራት ልሰቅል ፈቃድ ስጡኝ አልኩት። ባለቤትዎስ አለኝ። ሐይቁ ላይ ነው። መቼ ይመለሳሉ? በረዶ ሲይዝ። እንግዲያው በረዶ ሲይዝ እሳቸው ይምጡ አለኝና መስኮቱን ዘጋው። አልተቆጣም እኮ፣ ስድብ የለ፣ ምን የለ፣ በትሕትና ነው የዘጋው፣ መልካም ቀን ብሎኛል። ማዶ ቤተ መጻሕፍቱ ገባሁ፣ መጽሐፍ ተዋስኩ፣ መሰላሉን ከነላርሰን አመጣሁ፣ አንድ ገጽ እያነበብኩ አንድ ደረጃ እየወጣሁ ሠራሁት፣ በራ። ሲበራ አለቀስኩ፣ ሞኝ። ልስኑን ሞልቼ፣ ቀለም ቀብቼ፣ በሳምንቱ መጽሐፉን ልመልስ ስል የሚቀጥለውን ምዕራፍ አየሁት። የሳጥኑ ነገር ያለው የሚቀጥለው ምዕራፍ ላይ ነበር።

እስቃለሁ፣ ደረጃው ላይ ብቻዬን ተቀምጬ እንባዬ እስኪመጣ እስቃለሁ፣ ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ይቆማል። ስለዚህ ሃያ አምስት ዋት። ስለዚህ ሃያ አምስት ዋት፣ ትላለች፣ እንዳይሞቅ ነዋ፣ ሌላ ምን አቅም ነበረኝ፣ ልስኑን ላፍርስ ብል አባትሽ መጥቷል፣ አንቺ ተወልደሻል፣ ሰው ሁሉ ኦርቪል አሳመረው እያለ ነው፣ እሱም ዝም፣ እኔም ዝም። ሁሌ ከመተኛታችን በፊት ወንበር ላይ ወጥታ መዳፏን ኮርኒሱ ላይ ታሳርፍ ነበር፣ ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ የምታይ ይመስለኝ ነበር፣ ሙቀቱን ነበር የምትለካው፣ ልክ እንደ ልጅ ግንባር። ሃምሳ ሦስት ዓመት።

ለምንድን ነው ያልነገርሽኝ? ለማን? ለእኔ ነዋ፣ ሥራዬ እኮ ነው። ስለዚህ እኮ ነው፣ ትላለች፣ አንቺ እዚያ መስኮት ከተቀመጥሽ ወዲህ እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ ያለ ፈቃድ የሠሩትን ራት ላይ ስታነሺ እሰማሽ የለም ወይ፣ ሰው የሚገድሉ ደፋሮች ትያቸው የለም ወይ፣ ለፓስተሩ ያላዘነች ለእኔ ታዝናለች? ከሥራሽ ጋር ላጣላሽ አልፈለግኩም። ፈራሁሽ እንጂ።

ፈራሁሽ። ቃሏን እንዲሁ ነው የጣለችው፣ ስለ አየር እንደምታወራ ሰው። እናቴ እኔን። አመመኝ፣ ሌላ ቃል የለኝም፣ አመመኝ። ያ ሰውዬ አንድ ጊዜ መለሳት፣ እኔ ደግሞ ዳግመኛ እንዳትመጣ አደረግኳት፣ ራት እየበላሁ፣ ድንች እያቀበልኩ። የወደቀችው እኮ በዚያ መብራት ሥር ነው። መንገር ያቃታት መብራት ሥር። በዚህ ከተማ ስንት ሰው አለ እንደዚህ፣ ስንት ኮርኒስ፣ እኔ ወረቀቱን ስጽፍ ሰው እንዳይቃጠል ብዬ ነው፣ እናቴ ግን ወረቀቱን ፈርታ ከእሳቱ ጋር ኖረች፣ ይህን እንዴት አድርጌ ነው በአንድ ገጽ ላይ የምጽፈው።

አሁን ምን ምን ያስፈልጋል? ትለኛለች፣ ጉዳዩ ለእሷ አልቋል፣ ወደ ሥራ ገብታለች። ፈቃድ፣ ባለቤት፣ እኔ ስሠራ ባለቤቱ በዓይኑ ማየት አለበት። በአፍንጫዋ ትተነፍሳለች፣ ስታስብ እንደዚያ ነው። እዚህ ያሉትን ምሳ ልጋብዛት በያቸው። ምን? ከጎኔ የምትተኛው የዶሎረስ ልጅ በየሳምንቱ ዓሣ ላብላት ብሎ ፈርሞ ያወጣታል፣ ሦስት ሰዓት ይሰጧታል፣ እኔን ደግሞ መጀመሪያ በማዘጋጃ ቤት በኩል ውሰጂኝ፣ መስኮቱ ላይ ራሴ ነኝ የምፈርመው፣ ከዚያ ኮሪደሩ ጫፍ ወንበር ላይ አስቀምጪኝ፣ አንቺ መሰላሉ ላይ ትወጫለሽ፣ እኔ አያለሁ። እማዬ፣ ይኼ ማታለል ነው። የምኑ ማታለል፣ ሳንድዊች አታበይኝም ወይ? አበላሻለሁ። እንግዲያው ምሳ ነው፣ የሚቀጥለውን ምዕራፍ ደግሞ አሁን አንብቤዋለሁ።

ምንም ጥፋት አላገኘሁበትም። አንዱን አረፍተ ነገር ከሌላው አጠገብ አቆምኩ፣ ባለቤት ባሉበት፣ በዓይናቸው እያዩ፣ የሚያድሩበት ይሁን የሚል የለም፣ ለምሳ የመጡ አይበቁም የሚል የለም። ኬልሲ ትቀበለዋለች፣ እኔ መስኮቱን አልነካም፣ ዱዌን ነገ ጠዋት ይመጣል፣ ሳጥኑን ያያል፣ ከሰገነቱ የሚወርደውን አዲስ ሽቦ ያያል፣ እጁን ኪሱ ካልከተተ ደህና ነን፣ ከእሱ በኋላ ፖሌት። ሳጥንና ሽቦ የት ነው የሚሸጠው፣ የወደብ መንገዱ መደብር፣ መንገዳችን ላይ ነው። ቅጹ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን ድረስ የሚጠይቀኝ ስለማይጠፋ ሁለት ሦስት ይዤ ነው የምዞረው። ቆይ ልሙላው፣ አንቺ መስኮቱ ላይ እንዳትቆሚ፣ ፊርማው ብቻ ይቀራል እላታለሁ፣ ጉልበቴ ላይ አድርጌ እሞላዋለሁ። ሙሉ ስም። አርሊን ጆይ ትቬት። የሥራው ዓይነት። መብራት በይ፣ አይ፣ መብራትና ሳጥን በይ፣ ሳጥኑን በደንብ ጻፊልኝ። አመልካቹ የቤቱ ባለቤት ናቸው? ናቸው። አመልካቹ በዚህ ቤት ይኖራሉ?

ቴሌቪዥኑ ያጨበጭባል። እማዬ፣ አለሽ? አለሁ። ምን ልጻፍ? እሱን አንቺ ንገሪኝ ትለኛለች፣ ቀስ ብላ፣ ነገ የምትመጣው ሴትዮ መብራቱን ነው የምታየው፣ እኔ በቀን ስንት ጊዜ እንደምጠራሽ አታይም፣ እዚህ ምግቡ አይከፋም ሎርና፣ ዶሎረስም አለች፣ እኔ አልቀየምሽም። ታውቃለች። እኔ ዛሬ ጠዋት ደረጃው ላይ ያወቅኩትን እሷ ስድስት ሳምንት አልጋዋ ላይ ሆና ስታውቀው ነበር።

ለማንም አመልካች መልስ ነግሬ አላውቅም፣ እስክሪብቶ አቀብላለሁ እንጂ፣ እርስዎ ነዎት የሚያውቁት እላለሁ እንጂ፣ ሁለተኛውን ገጽ ብገለብጥ፣ ሦስተኛውን ብገለብጥ ስለዚህ ጥያቄ የሚል ነገር የለም፣ ይኸው መስኮቱ ላይ ሆዷ የገፋ ሴት ቆማለች፣ መልካም ቀን ብትባል ትመለሳለች፣ በትሕትና መጥታ በትሕትና ትመለሳለች፣ ከዚህ በኩል የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ እንቅልፌ ይቀርብኛል፣ ድስቱም ይቀራል፣ ያንን ጸጥታ እናፍቀዋለሁ፣ አውቃለሁ፣ ስትጠሪኝ አንዳንድ ቀን እቆጣሻለሁ፣ ይህንንም አውቃለሁ፣ ትኖሪያለሽ እላታለሁ፣ ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆኖብኝ፣ ትኖሪያለሽ እማዬ፣ ጻፍኩት፣ ኮትሽን ልበሺና በሩ ጋ ጠብቂኝ።